ከጥናቱ የወጣው ሰው

በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የሚያስፈልገው ሁሉ በትምህርት ክፍሉ መግቢያ ላይ፥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተለጥፎ ይታይ ነበር። ስምንት መንፈቅ፤ አንድ መቶ አርባ አራት የክሬዲት ሰዓት፤ ማይክሮና ማክሮ፤ ለኢኮኖሚስቶች የተዘጋጀ ሒሳብ፤ ስታቲስቲክስ አንድና ሁለት፤ ብዙዎችን የጣለው ኢኮኖሜትሪክስ፤ ማንኛውም ተማሪ የማይቀርለት አረብኛና የሱዳን ጥናት። በመጨረሻም ከስልሳ ሰው ባላነሰ የመስክ መረጃ ላይ የቆመ፥ በፈታኞች ፊት የሚሟገቱለት የመመረቂያ ጥናት። ወረቀቱ ስለ ሐቀኝነት የሚለው አንድም ቃል አልነበረውም። ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ሊቈጠር የሚችለውን ብቻ የመጻፍ ልማድ አላቸው።

ማዘንጊያ ገብረየስ ከጥናቱ በቀር ሁሉንም ጨርሳ ነበር። ካርቱም ተወልዳ በከተማዋ አል-ሳሃፋ ሠፈር ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አባቷ ገብረየስ በሠፈሩ ጤፍና በርበሬ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። ነገሩ የሆነው ከተማይቱ በጦርነት ከመበተኗ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ፳፻፲፬ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው።

የጾሙ መግቢያ ዋዜማ ገብረየስ ልጁን ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ አስቀመጣት። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ደመቀ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሦስተኛው ከፋሲካ ማግስት ይመጣል።

«አባዬ፥ ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ደመቀ ሁለት ዓመት ጠበቀ።»

«እኔ ጠብቅ አላልኩትም።»

«እኔ ብዬዋለሁ።»

ደመቀ ክፉ ሰው አልነበረም። ሠርቶ ያደረ፥ በቤተ ክርስቲያንም የሚታወቅ ሰው ነው። ነገር ግን «ሚስቴ የምትሆን ሴት ወረቀት ይዛ በየመንገዱ ወንድ ስትጠይቅ አትውልም» ብሎ ልኳል። ለሚወዳት ሴት የመጀመሪያ መልእክቱ ክልከላ የሆነ ሰው ሁለተኛው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

«ጋሽ ደመቀን አላገባም» አለች ማዘንጊያ።

ገብረየስ የሚዛኑን ድንጋዮች በየቦታቸው መለሰ። ልጁን ይወዳታል፤ ቃሉንም ይወዳል፤ ሁለቱ ሲጋጩበት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«በጾም ማንም አይዳርም» አለ በመጨረሻ። «እስከ ፋሲካ ጨርሰሽ ካለፍሽ ለሽማግሌዎቹ መልሱን አንቺ ትሰጫለሽ። ካላለፍሽ እኔ እሰጣለሁ። ኻላስ፥ አለቀ።»

«ቃል ነው?»

«እኔ ሁለት ቃል የለኝም።»

ሃምሳ አምስት ቀን ተሰጣት ማለት ነው።

የጥናቷ ጉዳይ የቀን ሠራተኛ ሥራ እስኪያገኝ የሚያጠፋው ጊዜ ነበር። ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሠፈር፥ በአንድ ሰፊ መንገድ ዳር፥ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ይቆማሉ። በአል-ማንሺያ ቪላ የሚያሠሩ ሰዎች ቦክሲ የሚባለውን ከኋላው ክፍት የሆነ መኪና ይልካሉ፤ ሾፌሩ በጣቱ እየጠቆመ የሚፈልገውን ጭኖ ይሄዳል። የቀረው ሌላ መኪና ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሁለት ሰው መጠይቋን ሞላላት። ወረቀቶቹን እዚያው ቆማ ስታገላብጥ ፊቷ ተለወጠ። ሁሉም አንድ ነገር ጽፈዋል፦ ሥራ አልፈልግም፤ ዘመድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ከጎኗ ጢሙን ያልተላጨ፥ ልብሱ ላይ ኖራ የደረቀበት ቀጭን ወጣት ይመለከታት ነበር።

«እኅቴ፥ ሃያ ሁለት ሰው አንድ ዘመድ ሊጠይቅ ካርቱም ገባ ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ለምን ዋሹኝ?»

«እስክሪብቶ ይዞ ከየት መጣህ፥ ምን ትሠራለህ የሚለን ሌላ ማን አለ? የኢቃማ ሰው ነው። መኖሪያ ፈቃድ ያለው እዚህ ሦስት ሰው አይሞላም። አንቺን ያዩት በከሻ፥ በፖሊስ አፈሳ፥ ልታስይዛቸው እንደ መጣች ሴት ነው።»

«ወላሂ፥ ተማሪ ነኝ።»

ከኋላ ጥጋቡ የሚባል ትከሻ ሰፊ ጎበዝ ሣቀ። «አንገቷ ላይ ማተብ፥ አፏ ላይ ወላሂ። ይቺስ በእርግጥም የዚሁ ከተማ ልጅ ናት።»

ሰዎቹ ሣቁ። እርሷ አልሣቀችም፤ ሃያ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ ቀደደቻቸው። የአንድ ሳምንት ድካም ነበሩ። ቀጭኑ ወጣት መሣቁን አቆመ።

«አትጠይቂ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁሚና እዪ። ማን ስንት ሰዓት እንደ መጣ፥ ስንት ሰዓት መኪና ላይ እንደ ወጣ ጻፊ። ስም አትያዢ፤ ቁጥር ስጪን። ሰው በአፉ ይዋሻል፤ በመቆሙ ግን አይዋሽም።»

«ይህን የት ተማርክ?»

«ጎንደር። ስታቲስቲክስ፥ እስከ ሁለተኛ ዓመት።»

ቃለአብ ይባላል። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ለአራት ታናናሾቹ እንጀራ ፍለጋ ወጣ፤ ካርቱም የደረሰው ወደ ሊቢያ ለማለፍ ነው። እስከዚያው ግድግዳ ይለስናል። የሚያሻግረው ደላላ ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ይወስደዋል።

አማካሪዋ ዶክተር ኢኽላስ በአሠራሩ ተስማማች፤ አንድ ነገር ብቻ አከለችበት። እያንዳንዱ ሰው ሃያ ጠዋት ሙሉ መታየት አለበት፤ ከዚያ ያነሰ አይቈጠርም። ስለዚህ ማዘንጊያ በዓርብና በእሑድ ካልሆነ በቀር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት በቡሪ መንገድ ዳር ከስልሳ ወንዶች ጋር ትቆም ጀመር። የተቃውሞ ሰልፍ በሚኖርበት ቀን ወታደሮች መንገድ ይዘጉ ነበር፤ ያን ጊዜም በእግሯ ትሄዳለች። ወሬው አል-ሳሃፋ ሲደርስ አንዲት ጎረቤት ሱቅ መጥታ «የገብረየስ ልጅ ከቀን ሠራተኞች ጋር ቆማ ታየች» አለች። ገብረየስ በርበሬውን እየመዘነ «ትምህርቷ ነው» ብሎ ዝም አሰኛት። ልቡ ግን አልተቀመጠም።

ለያንዳንዱ ቁጥር ሰጠች። ጥጋቡ ዘጠኝ ሆነ፤ ቃለአብ አሥራ ሰባት።

«ዘጠኝ መጥቷል፥ ጻፊ» ይላት ነበር ጥጋቡ በየጠዋቱ። «ስሜን እናቴ ታውቀዋለች፤ ለመንግሥት ግን ዘጠኝ ነኝ።»

ፀሐይ ስትበረታ ወረቀቱ ዓይኗን ያጥበረብራት ነበር። በአምስተኛው ጠዋት ወረቀቱ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና አለች፤ ቃለአብ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፥ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። እርሷም አላመሰገነችውም፤ መጻፏን ቀጠለች። በማግሥቱም ጥላው መጣ።

አንድ ቀን መኪና በጠፋበት ሰዓት የደመቀንና የአባቷን ቀጠሮ ነገር አጫወተችው፤ ከዚያም ጠየቀችው።

«ስታቲስቲክስ ተምሮ ሊቢያ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ከመቶው ስንቱ እንደሚደርስ ታሰላለህ አይደል?»

«አስልቻለሁ።»

«እና?»

«ቁጥሩ ደስ አይልም።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«ቁጥር ታናናሾች የሉትም።»

በዚያ ቀን ቤቷ ስትገባ፥ ከስልሳ ሰዎች የአንዱን ድምፅ ብቻ ይዛ መግባቷን አስተዋለች፤ ራሷንም ገሠጸች። መገሠጿ የሚያስመሰግናት ነው። ፍቅር በልብ መጀመሩ በደል አይደለም፤ በደሉ መጀመሩን እያወቁ እንዳላወቁ መሆን ነው።

በቈጠራው የመጨረሻ ሳምንት የእስላሞቹ ጾም ገባ፤ ሻይ ሻጮቹ ቀን ቀን ከመንገድ ጠፉ። አሥራ ዘጠነኛው ጠዋት ባለቀበት ዕለት፥ ከቀትር በኋላ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ሰንጠረዡን ዘርግታ ትደምር ጀመር። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቃለአብ አንድ ሰዓት፥ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጠብቅ ነው፤ እጁ የተመሰከረለት ለሳኝ ነውና ሾፌሮች አስቀድመው የሚጠሩት እርሱን ነበር። ከስድስተኛው ቀን ወዲህ ግን አራት ሰዓት፥ አምስት ሰዓት፥ እርሷ እስከምትሄድበት ደቂቃ ድረስ ቆሟል። ከስልሳው ሰው የእርሱን ያህል የጠበቀ አልነበረም።

በማግሥቱ፥ በሃያኛው ጠዋት፥ ወረቀቱን ትታ እርሱን ተመለከተች። ነጭ ቦክሲ ቆመ፤ ሾፌሩ በቀጥታ ቃለአብን ጠቆመ፥ «ያላ፥ ና» አለው። ቃለአብ ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፤ ያንንም አሳለፈው።

«ለምን አልሄድክም?» አለችው።

«ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ወገቤን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ጻፊው» አለ ጥጋቡ ከኋላ። «ወገቡን ያመመው አንቺ ስትመጪ ነው፤ ስትሄጂ ይድናል። ሁላችንም እንፈርማለን።»

ቃለአብ ወደ ጥጋቡ ዞሮ ሊቆጣ ፈለገ፤ ተወው። ከዚያ ፊቱን መለሰላት።

«እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ እዚህ ፀሐይ ላይ ቆመሽ እኔ ማንሺያ የሰው ግድግዳ ስለስን መዋል አልሆነልኝም። አንቺ ስትሄጂ ያገኘሁትን እሠራለሁ። በልቼ አድራለሁ፤ አትጨነቂ።»

ብዙ መኪና አለፈ። ከዚያ ማስመሪያዋን አወጣች፥ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ አስቀምጣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ሠረዝ አሰመረችበት።

«ከጥናቱ ወጥተሃል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እኔ የምለካው ሥራ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንተ ሥራ እየጠበቅህ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እየጠበቅሁ ነው?»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አላነሣችም። ይህን ያዩ ወንዶች አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ዞሩ፤ መኪና ግን አልነበረም።

ቃለአብ የተማረ ሰው ነበርና የሆነው ነገር ወዲያው ገባው።

«ስልሳ ነው የሚያስፈልግሽ» አለ። «አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ቀረሽ። አዲስ ሰው ሃያ ጠዋት ለማየት ጊዜ የለሽም። መልሺኝ።»

«አልመልስህም።»

«ማዘንጊያ፥ ብትወድቂ ለደመቀ ይሰጡሻል። መልሺኝና እለፊ፤ ከዚያ የፈለግሽውን መርጠሽ መልሺ።»

«በውሸት ቁጥር የገዛሁት መልስ የእኔ መልስ አይሆንም። አንተን ለማግኘት ብዬ ብዋሽ፥ በኋላ አንተን ባየሁ ቁጥር የማየው ውሸቴን ነው።»

«እልኸኛ ነሽ።»

«ነኝ። እስከ ፋሲካ አትፈልገኝ። ካለፍሁ እልክብሃለሁ። ካላለፍሁ መንገድህ መንገድህ ነው።»

ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ወደ ኋላ አለመመልከቷን ጥጋቡ ለብዙ ቀን ያወራ ነበር።

ዶክተር ኢኽላስ ሰንጠረዡን አይታ ራሷን ያዘች። «ልጄ፥ ደንቡ ስልሳ ነው የሚለው። ሰውየውን ተዪው፥ ይቆይ። እዚያ የቆመ ሰው ነው፤ ፈጥረሽ አልጻፍሽው።»

«መቆሙ እውነት ነው፥ ዶክተር። ምክንያቱ ግን ጥናቱ የሚለው አይደለም።»

«ፈታኙ የውጭ ሰው ነው፤ ይጥልሻል።»

«ይጣለኝ።»

የክርክሩ ቀን በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ዋለ። የሁለቱ ሃይማኖት ጾም ስለ ተገናኘ በእንዲህ ያለው ቀን የተለመደው ጣፋጭና ለስላሳ አልቀረበም፤ አዳራሹ ደረቅ ነበር። ገብረየስ ሱቁን ዘግቶ መጣ፥ በመጨረሻው ረድፍም ነጠላውን አጣፍቶ ተቀመጠ። በሠላሳ ዓመት የካርቱም ኑሮው አረብኛን እንደ አገሬው ይሰማል።

ማዘንጊያ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረች። የውጭው ፈታኝ፥ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ፕሮፌሰር፥ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ሃምሳ ዘጠኝ ሰው። ደንቡ ስንት ነው የሚለው?»

«ስልሳ።»

«አንድ ሰው ታመመ? ጠፋ?»

«አልጠፋም። ሃያውንም ጠዋት መጥቷል። እኔ አወጣሁት።»

«ለምን?»

«የቆመበት ሰዓት ሥራ የመፈለጊያ ሰዓት ስላልነበረ። ሲጠሩት አይሄድም ነበር።»

«ምክንያቱን በምን አወቅሽ?»

«ራሱ ነገረኝ።»

«ምን ብሎ?»

ዶክተር ኢኽላስ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ማዘንጊያ በመጨረሻው ረድፍ ያለውን ነጭ ነጠላ አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር፥ ከፍ አደረገችው።

«እኔ እስካለሁ ድረስ መሄድ እንዳልሆነለት ነገረኝ። እኔም መቆሙን ወድጄው ነበር። ስለዚህ በሃምሳ ዘጠኙ ላይ ምስክር ነኝ፤ በእርሱ ላይ ግን መሆን አልችልም።»

አንድ ተማሪ ሊሥቅ ጀምሮ ፈታኙ ቀና ሲል አፉን ያዘ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ስልሳኛውን ጽፈሽ ዝም ብትይ እኔ አላውቅም ነበር።»

«እኔ አውቀው ነበር።»

ሁሉንም አስወጥተው መከሩ። ሲመለሱ ውሳኔውን ዶክተር ኢኽላስ አነበበችው። ጥናቱ የደንቡን ቁጥር ባለማሟላቱ ነጥቡ ይቀነሳል፤ በክብር ተመራቂነት የሚገኘውን ማዕርግ አታገኝም። ስለ ጥናቱ ታማኝነት ግን ፈታኙ በእጁ ጽሑፍ ስለ መሰከረ አልፋለች። እውነት በነጻ አትገኝም፤ ማዘንጊያም በነጻ አላገኘቻትም።

አባትና ልጅ ሩክሻ በሚሉት ባጃጅ ተሳፍረው አል-ሳሃፋ ደረሱ። ገብረየስ የሱቁን በር ሲከፍት ብቻ «የልብሽን በሰው ፊት» አለ።

ከፋሲካ ማግሥት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ገብረየስ ሰላምታ ሰጥቶ «መልሱን እርሷ ትሰጣለች» አለና ጥግ ይዞ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«አክብራችሁ መጥታችኋል፥ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለች ማዘንጊያ። «ጋሽ ደመቀን አላገባም። ልቤ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ከወሬ ይልቅ ከአፌ ብትሰሙት ብዬ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ በገብረየስ ላይ አፈጠጠ። «ሴት ልጅ ማስተማር እንግዲህ ይኸው ነው።»

«አዎን» አለ ገብረየስ። «ይኸው ነው።»

እነርሱ ሲሄዱ ለረጅም ጊዜ ባንኮኒውን ጠረገ።

«ያ ሰው ሽማግሌ ይልካል?»

«የሚልከው ወገን እዚህ የለውም። አብረውት የሚቆሙት ሁሉ እንደ እርሱ መንገደኞች ናቸው።»

«እኔ ያለ ሽማግሌ ልጅ አልድርም።»

«እንግዲያው አንተ ሽማግሌ ሁን።»

«ለእርሱ?»

«ለእኔ። እኔ ነኝ የምልክህ።»

«ሴት ሽማግሌ ልካ አታውቅም።»

«ለሽማግሌ መልስ ሰጥታም አታውቅም ነበር፥ አባዬ።»

ገብረየስ እሺም እንቢም ሳይላት ሳምንቱ አለቀ፤ ደላላው የቀጠረው ቅዳሜም አለፈ። ማዘንጊያ ወደ ቡሪ አልሄደችም። ከአፏ የወጣው ቃል እልክብሃለሁ እንጂ እመጣለሁ አልነበረም፤ እንቅልፍ ባይኖራትም ቃሏን ጠበቀች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስትነሣ የአባቷ አልጋ ባዶ ነበር፤ ነጠላውና ከዘራውም የሉም።

ቡሪ መንገድ ዳር ጥጋቡ ሽማግሌውን ሲያይ ቀረብ አለው።

«አባባ፥ ለሥራ ነው? ሲሚንቶ ይከብድዎታል።»

«ሰው ፈልጌ ነው። ቃለአብ የሚባል።»

የሰዎቹ ጨዋታ ተቋረጠ። ጥጋቡ ማን እንደ መጣ ገባው።

«ደላላው ቅዳሜ ከእኛ አራት ሰው ወሰደ» አለ።

ገብረየስ ከዘራውን ጨበጥ አደረገ። «እርሱስ?»

«እርሱ ቀረ። ደላላው ለመነው፥ ተቆጣው፤ መልስ ሳይመጣልኝ አልሄድም አለው። ያውና።»

ቃለአብ የልስን ዕቃውን በትከሻው አድርጎ ከመንገዱ ማዶ ይመጣ ነበር። ገብረየስን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ ዕቃውን አስቀምጦ እጅ ነሣ። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አነሣ፥ በእጅጌው ጠረገው፥ ገልብጦም አቀረበለት።

«ይቀመጡ፥ አባቴ።»

«አልቀመጥም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። መጀመሪያ ስማኝ።»

ቃለአብ ቆቡን አወለቀ።

«የላከችኝ ልጄ ማዘንጊያ ናት። ፈተናዋን አልፋለች። እርሷ ምንም ግዴታ አልጨመረችም፤ እኔ ግን እጨምራለሁ። የሊቢያ ነገር ከእንግዲህ አይነሣም። ያቋረጥኸውን ትምህርት ትጨርሳለህ፤ የፈጀውን ዓመት ይፍጅ። ታናናሾችህን ረስቼ አይደለም፤ ሱቄ ሁለት ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል። ይህን ከተቀበልህ እቀመጣለሁ። ካልተቀበልህ በቆምሁበት እመለሳለሁ።»

ነጭ ቦክሲ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ለሳኙን በጣቱ ጠቆመ፥ ጥሩምባውንም ሁለት ጊዜ ነፋ። ቃለአብ አልዞረም። ስልሳ የሚሆኑ ወንዶች ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት።

«ይቀመጡ፥ አባቴ» አለ።

ገብረየስ የነጠላውን ጫፍ ሰብስቦ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ።